ለዱር ዲስከስ የትኛው ይሻላል፦ የእንጨትና የቅጠል አኳሪየም ወይስ በዕፀዋት የተሞላው?

የዱር ዲስከስ የተባለው ዓሣ በትውልድ ስፍራው በአማዞን ተፋሰስ የሚጠለለው በአብዛኛው ውኃ ውስጥ በወደቁ ዛፎችና ቅርንጫፎች መካከል በመሆኑ፣ በደቃቅ አሸዋ፣ በእንጨትና በደረቅ ቅጠል የተሰናዳ አኳሪየም ለአኗኗሩ የቀረበ ነው። ከእንጨቱና ከቅጠሉ የሚወጣው ታኒን የተባለ ንጥረ ነገር ውኃውን የሻይ መልክ ያለብሰዋል፤ የውኃው የማዕድን ይዘት ዝቅተኛ ከሆነም አሲዳማነቱን ይጨምራል። ይህ በተለይ የፒኤች መጠኑ (የአሲዳማነት መለኪያው፤ ሲያንስ አሲዳማነቱ ይበዛል) ከ5 በታች ሊወርድ ከሚችለው ከሪዮ ኔግሮ ወንዝ ለሚመጣው ሄክል ዲስከስ ለተባለው ዝርያ እጅግ ይስማማዋል።

በዕፀዋት የተሞላው አኳሪየም ውበቱ አይካድም፤ ዕፀዋቱም ከዓሣው ቆሻሻ የሚመነጨውን ናይትሬት በመምጠጥ ውኃውን ለማጥራት ያግዛሉ። ሆኖም ዲስከስ ከ28 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስ ሙቀት ስለሚሻ፣ ከኤኪኖዶረስና ሙቀት ከሚችሉ ጥቂት ሌሎች በቀር ብዙዎቹ ዕፀዋት ይዳከማሉ፤ ብዙዎቹ የሚፈልጉት ደማቅ ብርሃንም በቀላሉ የሚደነግጠውን የዱር ዓሣ ያስጨንቀዋል።

በእንክብካቤም ረገድ ልዩነቱ ጉልህ ነው። ጥቅጥቅ ባሉ ዕፀዋት ሥር የተደበቀ የምግብ ትራፊ በቀላሉ አይወጣም፤ ገላጣውን አሸዋ ግን በቱቦ እየሳቡ ማጽዳት ይቻላል። በዚህ ምክንያት እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ነገር ግን ቅጠሉ ሲበሰብስ መለወጥ፣ በየሳምንቱም የውኃውን ከፊል በሙቀትም በፒኤችም ከነባሩ ጋር በተቀራረበ ውኃ መተካት ግድ ነው።