ከሮለር ወደ እንጨት መደብ፦ የጀልባ ተጎታቼን ካሻሻልኩ ከ11 ወር በኋላ

ባለፈው ዓመት ጀልባዬ ውሃ ላይ የዋለችው 31 ቀን ብቻ ነው። የቀሩትን 334 ቀናት ያሳለፈችው ቨርጂኒያ፣ ዉድብሪጅ ከሚገኘው ቤታችን ጎን፣ ተጎታቹ ላይ ተቀምጣ ነው። ስለዚህ ሆዷን የሚሸከማት ከፖቶማክ ወንዝ ይልቅ ተጎታቹ መሆኑን ቀደም ብዬ ማሰብ ነበረብኝ፤ ያሰብኩት ግን ጉዳቱ ከታየ በኋላ ነው።

ጀልባዋ 17 ጫማ ርዝመት ያላት፣ ከፋይበር ግላስ የተሠራች፣ 90 የፈረስ ጉልበት ሞተር ከኋላ የተንጠለጠለባት ስትሆን፣ ከነሞተሯና ከነነዳጇ ወደ 1,900 ፓውንድ ትመዝናለች። ያገለገለች ሆና ስገዛት አብሮ የመጣው ተጎታች ሆዷን በትናንሽ የጎማ ሮለሮች የሚደግፍ ነበር። ሮለር ለማውረድና ለመጫን ይመቻል፤ ትንሽ ገፋ ሲያደርጓት ተንከባልላ ውሃ ውስጥ ትገባለች። ለሦስት ዓመት የወደድኩትም ይህንኑ ምቾት ነው።

ባለፈው መስከረም ስናጥባት የባለቤቴ ወንድም ስፖንጅ ይዞ በጀርባው ከሥሯ ተኝቶ ነበር። «ጋሼ፣ ሆዷ እዚህ ጋ ገብቷል እኮ» አለኝ። አራት ጫማ የሚረዝም ውሃ ልክ አምጥተን በርዝመቷ ብናስደግፈው፣ የመጨረሻዎቹ ሮለሮች ከሚያርፉበት ቦታ ላይ በውሃ ልኩና በሆዷ መካከል ብርሃን ይታያል። ሁለት የሩብ ዶላር ሳንቲሞች ደራርቤ ወደ ክፍተቱ ብገፋቸው ሳይነኩ አለፉ፤ ይህ ማለት ከሦስት ሚሊ ሜትር የበለጠ ስርጉደት ነው። በስርጉደቱ ዙሪያም የላይኛው አብረቅራቂ ሽፋን እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጥቋል። ከኋላ ጫፍ አጠገብ የሚፈጠር እንዲህ ያለ ጉድጓድ ጀልባዋ ስትፈጥን አፍንጫዋን ወደ ታች ይጫናታል፣ ፍጥነትም ይቀንሳል። ያን የጀልባ ወቅት ሙሉ ውሃውን የሚገፋውን የሞተሩን ፕሮፔለር ስከስ ነበር የከረምኩት።

ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። እያንዳንዱ ሮለር ሆዷን የሚነካው በአውራ ጣት ስፋት ያህል ብቻ ስለሆነ ያ ሁሉ ክብደት በጥቂት ነጥቦች ላይ ያርፋል። በዚያ ላይ የእኔ ተጎታች የኋለኛው ሮለር ከጀልባዋ የኋላ ግድግዳ ዘጠኝ ኢንች ወደ ፊት ቀርቶ ስለነበር፣ ከሁሉም የሚከብደው ሞተር ያለ ድጋፍ አየር ላይ ተንጠልጥሎ በየመንገዱ ጉድጓድ ይወዛወዝ ነበር።

መፍትሔው ሮለሮቹን አውልቆ በምትካቸው ሆዷን በርዝመቷ የሚያሳርፉ ሁለት እንጨቶች መትከል ነው። እንግሊዝኛው «በንክ» ይላቸዋል፤ እኔ ግን መደብ እላቸዋለሁ፤ እንደ አገር ቤቱ መደብ ገላን ሙሉ ስለሚያሳርፉ ስሙ ይስማማቸዋል። የገዛኋቸው አሥር ጫማ የሚረዝሙ፣ እንዳይበሰብሱ በመድኃኒት የታከሙ፣ መደብሩ «ሁለት በስድስት» የሚላቸው እንጨቶች ሲሆኑ፣ ትክክለኛ ስፋታቸው አምስት ተኩል ኢንች ነው። ሰፊውን ጎን ወደ ላይ አድርጌ ስላጋደምኳቸው፣ ሁለቱ በሙሉ ቢነኩ ክብደቱ በአንድ ካሬ ኢንች ከአንድ ፓውንድ ተኩል አያልፍም።

ጀልባዋን ለሁለት ቀን ውሃ ላይ በኪራይ ቦታ አስረን ባዶውን ተጎታች ወደ ቤት ወሰድነው። ከሥራው ሁሉ አስቸጋሪው መደቡ የት እንደሚያርፍ መወሰን ነበር። ጀልባዋ ከውስጥ ከፊት ወደ ኋላ የሚሄዱ ወራጆች አሏት፤ መደቡ ከእነሱ ሥር ቢውል ሆዷ አይገባም። አስቀድሜ በጎማ መዶሻ መታ መታ እያደረግሁ ድምፁ ደፈን የሚልበትን መስመር በቴፕ ምልክት አድርጌበት ነበር፤ ከሆዷ ውጭ ያሉትን ሸንተረሮች እንዳይነካም ግማሽ ኢንች አሸሸሁት። የቡሎኖቹ ራስ ፋይበሩን እንዳይፍቅ እንጨቱን ቦርቡሬ ከገጹ በታች ቀበርኳቸው፤ ከዚያ በላዩ ምንጣፍ ወጠርኩ።

ዳዶዎቹን አላጠበቅኳቸውም። ይህን ማንም ሰው እንዳይዘልለው እመክራለሁ። መደቦቹ ላላ እንዳሉ ጀልባዋን ከውሃ ስንጭናት በራሷ ክብደት ተጭናቸው የሆዷን ማዕዘን ያዙላት፤ ያጠበቅነው ከዚያ በኋላ ነው። ቤት እንደገባን የብስኩት ካርቶን ቀጥ አድርጌ ቆርጬ በመደቡና በሆዷ መካከል ከጫፍ እስከ ጫፍ ለማስገባት ሞከርኩ። ከአንድ ቦታ፣ ከግራው መደብ መሃል በስተቀር የትም አልገባም፤ እዚያም በኋላ አራተኛ ድጋፍ ብረት ጨመርኩበት።

መደቦቹ የኋላ ግድግዳውን ጫፍ እኩል እንዲደግፉ የዊንቹን (ጀልባዋን በገመድ ስቦ የሚይዘውን መጠቅለያ) ምሰሶ አራት ኢንች ወደ ፊት ማራመድና መደቦቹን ከተጎታቹ ብረት አምስት ኢንች ወደ ኋላ ማሳለፍ ነበረብኝ። ይህ ያልጠበቅኩት ጥቅም አስገኘ። በመታጠቢያ ቤት ሚዛን ስለካው ተጎታቹ ከመኪናው በሚያያዝበት መንጠቆ ላይ የሚያርፈው ክብደት ከ140 ወደ 182 ፓውንድ ከፍ ብሏል፤ ከጀልባዋና ከተጎታቹ ጠቅላላ 2,500 ፓውንድ አንጻር ከ5.6 በመቶ ወደ 7.3 በመቶ መሆኑ ነው። ቀድሞ በኢንተርስቴት 95 ላይ ከባድ መኪና ሲያልፈኝ ተጎታቹ ጭራውን ይወዘውዝ ነበር፤ አሁን ክብደቱ ወደ ፊት ስላጋደለ ይህን ማድረጉን ትቷል።

ከ11 ወር በኋላ ሳንቲሞቹን ይዤ ተመለስኩ። በቀኝ በኩል አሁን የሚያልፈው አንድ ሳንቲም ብቻ ሲሆን እሱም ታግሎ ነው፤ በግራ በኩል ግን ሁለቱም እንደ ድሮው ያልፋሉ። የተጎዳው እንደማይመለስ ቆጥሬዋለሁ፤ ነገር ግን አንድም አዲስ ስንጥቅ አልተጨመረም፣ ጉድጓዱም አልሰፋም። ከመጀመሪያው መቶ ማይል በኋላ ስፈትሽ ሁለት ዳዶዎች ላልተው ስላገኘኋቸው አሁን በየወሩ ቁልፍ እሞክርባቸዋለሁ።

ቅሬታዬ ምንጣፉ ላይ ነው፤ ጥፋቱም የእኔው ነው። ቆጥቤ ተራ የብረት ስቴፕል ተጠቀምኩ። በመከር ወራት ሁለት ጊዜ ፖይንት ሉክአውት ድረስ፣ ወንዙ ከቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ እስከሚገናኝበት፣ ሄደን ስለነበር ጨዋማው ውሃ ምንጣፉ ውስጥ ክረምቱን ሙሉ ተቀምጦ፣ ሚያዝያ ላይ ስቴፕሎቹ በዝገት ተበልተው የኋላው ጫፍ ተቀድዶ ተንጠለጠለ። ግንቦት ላይ ምንጣፉን ገፍፌ የፕላስቲክ ንጣፍ በስቴንለስ ብሎን አሰርኩ።

ፕላስቲኩ ውሃ አይዝም፣ ጀልባዋም እንደ ቅቤ ትንሸራተትበታለች፤ ችግሩም ይኸው ነው። በሰኔ ወር ሌሲልቫኒያ ፓርክ የጀልባ ማውረጃው ላይ፣ እንደ ልማዴ ከውሃው በላይ ሳለን የዊንቹን ገመድ ፈታሁ። ጀልባዋ አንድ ስንዝር ያህል ወደ ኋላ ሄደች፤ ያቆማት ገና ያልፈታሁት የደኅንነት ሰንሰለት ነው፤ ሲወጠር የሰማሁት ድምፅ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ከዚያ ቀን ወዲህ የኋላዋ ክፍል ሳይንሳፈፍ እጄ የዊንቹ ገመድ መንጠቆ ላይ አያርፍም።

ሌላው፣ መደብ ከሮለር ይልቅ ተጎታቹን ወደ ውሃ ጠለቅ ማድረግን ይጠይቃል። ፖቶማክ በዚህ አካባቢ ከባሕሩ ጋር ከፍና ዝቅ የሚል ወንዝ ስለሆነ፣ ውሃው በሸሸበት ሰዓት የመኪናው የኋላ ጎማ እስኪነከር ድረስ መውረድ አለብኝ። አምባዛ ለማጥመድ ጎሕ ሳይቀድ ለሚወጣ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ አሁን ከመነሳቴ በፊት የውሃውን ሰዓት አያለሁ።

ወጪው እንጨት፣ ብረት፣ ቡሎን፣ ምንጣፍና በኋላም ፕላስቲኩን ጨምሮ 340 ዶላር ነው፤ ከመጀመሪያው ፕላስቲኩን ብመርጥ ኖሮ 60 ዶላር ይቀርልኝ ነበር። ጀልባችሁ አሉሚኒየም ከሆነች ግን እኔ የገዛሁትን ዓይነት እንጨት አትግዙ፤ መድኃኒቱ ውስጥ ያለው መዳብ እርጥበት ሲያገኝ አሉሚኒየሙን ይበላዋልና፣ ያልታከመ እንጨት ቀለም ቀብቶ በየጥቂት ዓመቱ መቀየር ይሻላል። ጀልባዋን በየሳምንቱ የሚያወጣና ጥልቀት የሌለው ማውረጃ የሚጠቀም ሰው ሮለሩን ይዞ፣ ቁጥሩን ጨምሮና የኋላውን ግድግዳ አስደግፎ ቢቀጥል አልፈርድበትም። የእኔዋ ግን በመጪው ጥቅምት ለክረምቱ ስትቆም፣ ሳንቲሞቹ እዚያው የመሣሪያ ሣጥኑ ውስጥ ይጠብቋታል።