የእርጥበት መዝጋቢ ለምትፈልጉ፦ የቸርችል ጎዳናዋን ባለሙያ እወቋት

አራዳ ውስጥ ባለ አንድ ቤተ ክርስቲያን የዕቃ ቤቱን የብራና መጻሕፍት የምንጠብቅ ሰዎች፣ ቸርችል ጎዳና ላይ መለኪያ መሣሪያዎችን ለምትሸጥና ለምትጠግን አንዲት ወጣት ባለሙያ ከልብ እናመሰግናለን። ስሟ በአደባባይ እንዲነሣ አልፈለገችም፤ ሥራዋ ግን ሳይነገር ሊቀር አይገባም።

ወደ ሱቋ የሄድነው ገበያው ዳታ ሎገር የሚለውን የሙቀት መዝጋቢ ፈልገን ነበር። ዕቃ ከመደርደሪያ ከማውረዷ በፊት ጠየቀችን። መጻሕፍቱ ያሉበት ቤት ግድግዳው ከምን ተሠራ? ቁም ሣጥኑ ከውጭው ግድግዳ ጋር ተጣብቋል? መብራት ምን ያህል ይጠፋል? መረጃውን ወደ ኮምፒውተር የሚያወጣው ማን ነው? ሁሉንም ከሰማች በኋላ «አባቴ፣ ለእናንተ ከሙቀቱ ይልቅ እርጥበቱ ያሰጋል» አለችኝ።

ብራና ቆዳ ነው፤ ከአየሩ እርጥበት ይስባል፣ መልሶም ይሰጣል። አንጻራዊ እርጥበቱ (አየሩ በዚያ ሙቀት ሊይዝ ከሚችለው የውሃ ተን ውስጥ የያዘው ድርሻ) ከ65 በመቶ በላይ ሲሰነብት ሻጋታ መንገድ ያገኛል፤ በጣም ሲወርድ ደግሞ ብራናው ይደርቃል፣ ይኮማተራል። ያው አየር ሌሊት ሲቀዘቅዝ ብቻ ምንም ውሃ ሳይጨመርበት አንጻራዊ እርጥበቱ ከፍ ይላል። ስለዚህ ሁለቱን አንድ ላይ፣ ቀንና ሌሊት የሚመዘግብ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ የአሁኑን ብቻ የሚያሳይ ሰዓት መሰል መለኪያ አይበቃም።

በዋይፋይ የሚሠራውን ውድ መሣሪያ ልትሸጥልን ስትችል ተወችው። በወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ውስጥ ምልክቱ ይደክማል፤ መብራት ሲጠፋም የኢንተርኔት መስመሩ አብሮ ይጠፋል። የመረጠችልን የራሱ ባትሪና ማኅደረ ትውስታ ያለው፣ በዩኤስቢ ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ ሰነዱን ራሱ የሚያዘጋጅ ነው። ባትሪው እዚሁ ከተማ በቀላሉ የሚገኝ ዓይነት መሆኑንም አረጋገጠች። ካርቶኑ ላይ 32,000 ንባብ (የሚመዘገብ ልኬት) ይላል፤ እርሷ ግን ለሙቀትና ለእርጥበት ሲካፈል ለእያንዳንዱ 16,000 እንደሚደርስ አስረዳችን። በየ15 ደቂቃው ቢመዘግብ ከ5 ወር ጥቂት ያልፋል፤ በየ30 ደቂቃው ከሆነ ወደ 11 ወር ይጠጋል። ክረምቱንና በጋውን በአንድ መዝገብ ለማየት ሁለተኛውን መረጥን። የቤት ውስጥ አየር በግማሽ ሰዓት ብዙ አይለዋወጥምና።

ከሁሉ በላይ ያስደነቀኝ ስለ ትክክለኛነት ያሳየችው ጥንቃቄ ነው። በመሣሪያው ማሳያ ላይ ከነጥብ በኋላ ቁጥር መታየቱ መሣሪያው እስከዚያ ድረስ ትክክል ነው ማለት አይደለም። ስሕተቱ እስከ 5 በመቶ የሚደርስ መሣሪያ 62 ቢያሳይ፣ እውነቱ 57ም 67ም ሊሆን ይችላል፤ ለእኛ ይህ ልዩነት በደኅና ብራናና በሻገተ ብራና መካከል ያለ ልዩነት ነው። ስለዚህ ከ3 በመቶ የማያልፈውን ወሰድን። እርሷም በካርቶኑ ጽሑፍ ብቻ አላመነችም። የገበታ ጨው በጥቂት ውሃ እርጥብ አድርጋ በትንሽ ሳሕን አኖረች፤ ጨው ሳይነካቸው ሦስት መሣሪያዎችን ከጎኑ አስቀምጣ ሁሉንም የያዘውን ዕቃ አጥብቃ ከደነችና አሳደረችው። በእንዲህ ያለ የታሸገ ዕቃ ውስጥ ያለው አየር 75 በመቶ አካባቢ ይረጋል። በማግስቱ ሁለቱ ወደዚያው ቀርበው ተገኙ፤ ሦስተኛው ግን 81 ስላለ ለማንም እንደማትሸጠው ነግራን ለይታ አስቀመጠችው። ሌላ ሻጭ ቢሆን ያንን ማን ያውቅበት ነበር?

አንዱን ከውጭው ግድግዳ ጋር በተጠጋው ቁም ሣጥን፣ ሌላውን በክፍሉ መሐል ባለው አኖርን። በነሐሴ የግድግዳው ቁጥር ከመሐሉ በግልጽ በልጦ፣ ሌሊት ሌሊት ከ70 እያለፈ ታየ። ሰበካ ጉባኤው ግራፉን አይቶ ቁም ሣጥኑን ከግድግዳው እንድናርቅ ፈቀደ፤ ከዚያ ወዲህ ሁለቱ መሥመሮች ተቀራርበዋል።

ሕጋዊ ደረሰኝ ትሰጣለች፤ ገንዘቡ የምእመናን ነውና ይህም ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። መድኃኒት ቤት፣ ቤተ መጻሕፍት ወይም የፎቶ ክምችት ያላችሁ፣ አድራሻዋን በውስጥ መልእክት ጠይቁኝ። ስትሄዱ የክፍሉን ፎቶና የግድግዳውን ዓይነት ይዛችሁ ሂዱ፤ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እርሱን ነው።