ለልጄ የሳይንስ መምህርት ምስጋና፣ ሴት ልጅ ላላችሁ ሁሉ ጥቆማ

ጀሞ አካባቢ ሴት ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ ይህን ጽሁፍ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ኮንዶሚኒየማችን ኮሚናል ውስጥ፣ ከትምህርት ቤት መልስ ሴት ልጆችን ሳይንስ በእጃቸው እያሠራች የምታስተምር መምህርት አለች። ስሟን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለነገረችኝ አልጽፍም። ልጆቹ «ቲቸር» ነው የሚሏት፤ እኔም ቲቸር እላታለሁ። ቲቸር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ልጄን መልሰሽልኛል።

ወደ እሷ ከመምጣታችን በፊት ያየነውን ካልነገርኳችሁ ምስጋናዬ ከየት እንደመጣ አይገባችሁምና እሱን ላስቀድም። የማንንም ስም አልጠራም። ግን አንጀቴ አሯል።

ልጄ ትንሽ ሆና ያገኘችውን ሁሉ የምትፈታ ነበረች። የግድግዳ ሰዓቱ፣ የአባቷ ሬዲዮ፣ የእኔ ፀጉር ማድረቂያ ከእጇ አላመለጡም። አባቷ «ይቺ ኢንጂነር ናት» እያለ በየዘመድ ቤቱ ያወራላት ነበር። አራተኛ ክፍል ከገባች በኋላ ግን ጭራሽ ሌላ ልጅ ሆነች። ምንም አትነካም፣ ምንም አትጠይቅም። አንድ ቀን የቤት ሥራዋን እያሠራኋት «እማዬ፣ ሳይንስ እኮ የወንዶች ነው» አለችኝ። ማን እንዳላት ብጠይቃት «ማንም፤ እንዲሁ ነው» አለች። ያ «እንዲሁ ነው» ነው ያስደነገጠኝ።

መጀመሪያ ቱቶሪያል አስገባናት። እዚያ የምትሠራው ከሰሌዳ መገልበጥ ብቻ ነው። ደብተር በደብተር ላይ ገዛን። የአበባን ክፍሎች በቃሏ ታነበንባለች፤ ደጃችን ላይ ያለውን አበባ ግን ከፍታ እንድታይ ማንም አልነገራትም። ከዚያ ሮቦት የሚያሠራ ቦታ አለ ሲሉን የዕቁብ ብሬን ይዤ ሮጥኩ። ዕቃው በእውነት ጥሩ ነበር። ሽቦው፣ ጎማው፣ ሞተሩ፣ ሁሉም አለ። ግን በየጠረጴዛው ካቻቢቴውን የሚይዘው ወንድ ልጅ ነው። የእኔ ልጅ የምትይዘው እስክሪብቶ ነው። «ያንቺ ጽሁፍ ያምራል፣ አንቺ ሪፖርቱን ጻፊ» ተባለች። ወላጅ በተጠራበት ቀን ደግሞ ወንዶቹ ሮቦታቸውን ሲነዱ፣ ሴቶቹ ሐበሻ ቀሚስ ለብሰው በር ላይ ከረሜላ ያድላሉ። ፎቶው ስልኬ ውስጥ አለ። ዛሬም ሳየው ያመኛል። ኃላፊውን ስጠይቀው «ሴቶቹ ራሳቸው ናቸው የሚሸሹት» አለኝ። ማን ሰጥቷቸው ነው የሚሸሹት? ደረጃውን እያለቀስኩ ነው የወረድኩት።

ነገሩ እንዲህ ያንገበገበኝ የራሴም ቁስል ስላለበት ነው። እኔ 10ኛ ክፍል ሳለሁ የትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ ሁሌም ቁልፍ ነበር። ማይክሮስኮፕን ከሰሌዳ ላይ ስለን፣ ክፍሎቹን ሸምድደን፣ ፈተናውን ደፍነን አለፍን። ማይክሮስኮፕ በዓይኔ ያየሁት ትልቅ ሰው ሆኜ፣ እናቴን አሳክሜ የላብራቶሪ ውጤት ስጠብቅ ነው። ያኔ የተሰማኝን ቁጭት ልጄ እንድትወርስ አልፈልግም።

ስለ ቲቸር የነገረችኝ ጎረቤቴ ናት፣ ቡና ላይ። እውነቱን ለመናገር ክፍሉን ሳየው ብዙም ተስፋ አላደረግኩም። ኮሚናሉ ውስጥ ዕቃ ሲቀመጥበት የነበረ ክፍል ነው። ኮምፒውተር የለም፣ ሮቦት የለም። ያለው ባዶ ሃይላንድ፣ የባትሪ ድንጋይ፣ ከተበላሸ ቻርጀር የተቆረጠ ሽቦ፣ አሸዋ፣ ከሰል፣ ሎሚ፣ እርድ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት ልወስዳት ስሄድ ሌሎቹ ልጆች ወጥተዋል። ልጄ ብቻዋን መሬት ላይ ተቀምጣለች። ከፊቷ ሁለት የባትሪ ድንጋይ፣ ቁርጥራጭ ሽቦና ከመርካቶ የተገዛች የሽምብራ ፍሬ የምታክል የኤልኢዲ (LED) አምፖል አለች። የሁሉም በርቷል፣ የእሷ አልበራም። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። እኔ የእሷን እንባ ሳይ አልችልም፤ «ቲቸር፣ በቃ አብሪላትና እንሂድ፣ መሸ» አልኩ። ቲቸር ፈገግ አለችልኝ። ከዚያ ሁለት እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ልጄ አጠገብ መሬቱ ላይ ቁጭ አለች።

«እኔ አልነካም። ምን ምን እንደሞከርሽ ንገሪኝ» አለቻት። ልጄ አንድ በአንድ ነገረቻት። ሽቦውን ቀይራለች፣ ድንጋዩን ቀይራለች፣ ጠበቅ አድርጋ አስራለች። «ያልነካሽው ምን ቀረ?» አለቻት። ልጄ ዝም አለች። ቲቸርም ዝም። እኔ በር ላይ ቆሜ ትንፋሼን ይዣለሁ። ልጄ አምፖሏን አነሳችና ሁለቱን ቀጫጭን እግሮቿን አተኩራ አየች። አንዱ ከሌላው ረዘም ይላል። ገልብጣ አሰረቻት። በራች!

ያን ጊዜ የጮኸችውን ጩኸት ሦስተኛ ፎቅ ያሉ ሰዎች ሰምተዋል። ቲቸር አምፖሏ ተገልብጣ እንደታሰረች ከመጀመሪያው ታውቅ ነበር። በኋላ ስጠይቃት «ባበራላት እኔም በጊዜ ቤቴ እገባ ነበር፤ ግን በሚቀጥለው ቀንም እኔን ነው የምትጠብቀው» አለችኝ። ሙሉ ቀን ትምህርት ቤት ስታስተምር ውላ የመጣች ሴት ናት። ለሰው ልጅ እንዲህ የሚታገስ ሰው ዛሬ ከየት ይገኛል? አምፖሏ በአንድ በኩል ብቻ የምትበራበትን ምክንያት ልጄ ደጋግማ አስረድታኛለች፤ እሱን እሷ ትንገራችሁ።

ሌላም አለ። አልጫ የፈሰሰበት ነጠላ ሳሙና ሲነካው ለምን እንደሚቀላ እናቴም እኔም ስንገረም ኖረናል። ልጄ አንድ ቀን በእርድ የተቀባ ነጭ ጨርቅ ይዛ መጣች። ሳሙና ስታደርግበት ቀላ፣ ሎሚ ስትጨምቅበት ወደ ቢጫው ተመለሰ። እናቴ ሦስት ጊዜ አስደገመቻት። ለካ ሳይንሱ ወጥ ቤታችን ውስጥ ነበር።

ከሁሉ በላይ ልቤን የነካውን ደግሞ ልንገራችሁ። ልጄን የምታደርሳት ቤት የምታግዘኝ ልጅ ናት። ከገጠር የመጣች፣ ማታ የምትማር ጎበዝ ልጅ ናት። ትምህርቱ እስኪያልቅ በር ላይ ቆማ ትጠብቅ ነበር። ቲቸር «እህቴ፣ ለምን ትቆሚያለሽ? ወንበር አለ፣ ግቢ» አለቻት። እኔን ክፍያ አልጠየቀችኝም፤ ነገሩን የሰማሁትም ከልጄ ነው። አሁን ሁለቱም ደብተር ይዘው ነው የሚሄዱት። ባለፈው ማታ ወጥ ቤት ቆመው የድስት ክዳን ላይ ያለው ውሃ ከየት እንደመጣ ሲከራከሩ ሰማኋቸው። ወጡ እስኪያርር ተከራከሩ፤ አንድም ቃል አልተናገርኩም።

ክፍሉ ግድግዳ ላይ የሁለት ኢትዮጵያውያን ሴት ሳይንቲስቶች ፎቶ ተለጥፏል። አንዷ ዶ/ር ሰገነት ቀለሙ ናቸው። ፍኖተ ሰላም ከገበሬ ቤተሰብ ተወልደው፣ ከአካባቢያቸው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። የዕፅዋት በሽታ ተመራማሪ ሆነው እ.ኤ.አ. በ2014 የሎሪያል-ዩኔስኮን የሴት ሳይንቲስቶች ሽልማት ያገኙ፣ ናይሮቢ ያለውን ትልቁን የነፍሳት ምርምር ማዕከል የመሩ ሴት ናቸው። ሌላዋ አዲስ አበባ የተወለዱት ፕሮፌሰር ሶስና ኃይሌ ናቸው፤ በፊውል ሴል (ነዳጅን ሳያቃጥል ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር መሣሪያ) ምርምራቸው ዓለም ያውቃቸዋል። ልጄ ስለ ሁለቱም ስታወራ የአክስቶቿን ነገር የምታወራ ይመስላችኋል። «የወንዶች ነው» የሚለው ቃል ከአፏ ጠፍቷል።

የካቲት 4 የዓለም የሴቶችና ልጃገረዶች ሳይንስ ቀን ነው። ቲቸር ወላጆችን ጠርታን ነበር። ልጄ የተቆረጠ ሃይላንድ ውስጥ ጠጠር፣ አሸዋና ከሰል ደርድራ የደፈረሰ ውሃ አጠራች። አባቷ ደስ ብሎት ሊቀምስ ሲል እጁን ያዘችው። «አባዬ፣ ጠራ ማለት ንጹህ ነው ማለት አይደለም፤ ጀርሙ አልወጣም፣ መፍላት አለበት» አለችው። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔ ዕልል አልኩ፤ አላፈርኩም።

ወላጆች፣ እባካችሁ ሴት ልጆቻችሁን ውሰዱላት። ልጄ ትፈራለች፣ ዝምተኛ ናት የምትሉ በተለይ ውሰዱላት። ከአራተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ያሉትን ትቀበላለች። ክፍያው ከቱቶሪያሉ ያንሳል፤ መክፈል ያልቻለውንም አትመልስም። ነጭ ልብስ ብቻ አታልብሷቸው፣ እርድ አይለቅም። ቲቸር፣ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፤ እጅሽ ይባረክ፤ የልጆችሽን ወግ ማዕረግ ያሳይሽ።

ክፍሏ ጠባብ ናትና የምትፈልጉ ቶሎ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ ስልኳን እልክላችኋለሁ። ቤታችሁ የማይሠራ ቻርጀር፣ የተሰበረ የእጅ ባትሪ ወይም ያረጀ ማራገቢያ ካለ ደግሞ አትጣሉት፤ ለልጆቹ ይሆናል። ቅዳሜ ጠዋት ራሴ እየዞርኩ እሰበስባለሁ።