ለቱሉ ዲምቱዋ ሲስተር ምስጋና፣ የኩላሊት ባዮፕሲ ቀጠሮ ላላቸው አረጋውያን ጥቆማ

ከቱሉ ዲምቱ እስከ ኮዬ ፈጬ ቤት ለቤት እየዞረች አረጋውያንን ለባዮፕሲ (በሽታውን ለመለየት ከኩላሊት በመርፌ ትንሽ ናሙና ለመውሰድ) የምታዘጋጅ ሲስተር አለች። በኩላሊት ሕክምና ላይ የምንሠራ ባለሙያዎች ከልብ እናመሰግናታለን።

ናሙናው በአልትራሳውንድ እየታየ የሚወሰደው በደቂቃዎች ነው፤ ቀጠሮው የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ገና ቤት ሳሉ ነው። ሲስተር መጀመሪያ ያለውን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ታስወጣለች። እማማ "የልብ ኪኒን" የሚሏት አስፒሪን ሆና ትገኛለች፤ ለጉልበት ሕመም የተገዛ ማስታገሻ፣ ዳይክሎፌናክም አይጠፋም። ሁለቱም ደም ቶሎ እንዳይቆም ያደርጋሉ፣ ዳይክሎፌናክ ኩላሊቱንም ይጎዳል። አስፒሪን አብዛኛውን ጊዜ 7 ቀን ቀድሞ ይቆማል፤ የልብ ወይም የስትሮክ ታማሚ ከሆኑ ግን ሐኪሙን ሳትጠይቅ አታስቆምም። ይህ ጥንቃቄዋ ብቻውን ምስጋና ይገባዋል።

ጾመው እንዲመጡ ሲነገራቸው የግፊት ኪኒናቸውንም የሚተዉ ብዙ ናቸው። ጠዋት ግፊቱ ከ140/90 በላይ ከሆነ የመድማት አደጋው ስለሚጨምር ቀጠሮው ይዛወራል። እሷ በጉንጭ ውኃ መዋጥ ይችሉ እንደሆነ ቀድማ ታጣራለች።

በሆድ ተኝቶ ትንፋሽ መያዝንም ታለማምዳለች። ኩላሊት ከትንፋሽ ጋር ወደ ላይና ወደ ታች ይንቀሳቀሳል፤ መርፌው ገብቶ ሳለ ቢተነፍሱ ሊቀደድ ይችላል። ጆሯቸው ለደከመ አባባ ትከሻ መንካትን ምልክት አድርጋ ትስማማለች።

"እርጅና ነው፣ ስኳር ነው" ተብሎ የሚታለፈው እብጠትና አረፋማ ሽንት ሊታከም የሚችል በሽታ ሊሆን ይችላል። ክሬቲኒን (በደም ምርመራ የሚለካ፣ ኩላሊት ሲደክም የሚጨምር ቆሻሻ) በሳምንታት ውስጥ እየጨመረ ሽንት ውስጥ ደም ከታየ ደግሞ ቀን አይሰጥም። ጡንቻቸው በመነመነ አረጋውያን ክሬቲኒን ዝቅ ብሎ ስለሚያታልል ቁጥሩን ብቻ አትመኑ። ኩላሊቱ ተጨማትሮ ካነሰ ግን ባዮፕሲው ብዙም አይጠቅምም፤ ይህንንም ለቤተሰብ ሳትደብቅ ታስረዳለች።

ከባዮፕሲ በኋላ በጀርባ 6 ሰዓት ያህል መተኛት ያስፈልጋል። መድማት ካለ በአብዛኛው በመጀመሪያው 24 ሰዓት ውስጥ ስለሚታይ፣ በዚያው ቀን በኮብልስቶን ላይ በባጃጅ ተንገጫግጮ መመለስን አጥብቃ ትከለክላለች፤ ሌሊቱን እዚያው ሆስፒታሉ ውስጥ ወይም አጠገቡ እንዲያድሩ ታደርጋለች። ሽንቱን በየተራ በብርሃን አስተላላፊ ብርጭቆ አስቀምጣ ቀለሙን ታወዳድራለች። ሮዝ ሆኖ እየጠራ ከሄደ ደህና ነው፤ እየቀላ ከመጣ፣ የረጋ ደም ካለው፣ ወገብ ካመመ ወይም ራስ ካዞረ ወዲያው ወደ ሐኪም።

ስልኳን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልን። ከቀጠሮው ቢያንስ 10 ቀን ቀድማችሁ ደውሉላት፤ አስፒሪኑን ለማስቆም ጊዜ ያስፈልጋል።