ከሁለቱ ዝነኛ የጥንት የሩጫ ፈረሶች የሚበልጠው የትኛው ነው፦ ኤክሊፕስ ወይስ ሄሮድ?

ሁለቱንም ያስወለዳቸው እንግሊዛዊው የኩምበርላንድ መስፍን ነው። ሄሮድ በ1758 እ.ኤ.አ. ተወለደ። ኤክሊፕስ ደግሞ በ1764፣ ያውም ፀሐይ በተጋረደችበት ቀን። ስሙም ከዚያው መጣ።

በሩጫ ከሆነ ክርክር የለም። ኤክሊፕስ 18 ጊዜ ተሰልፎ 18ቱንም ወሰደ። አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ አፍንጫው መሬት ሊነካ ምንም ሳይቀረው ነበር የሚጋልበው። ደፍሮ የሚገጥመው ጠፍቶ ሜዳውን ብቻውን የዞረበት ጊዜም አለ። ሄሮድ ከ10 ስድስት ነው ያሸነፈው። ዮርክ ላይማ እየሮጠ ደም ፈሶታል።

በልጆች ሲመጣ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሄሮድ ልጆቹ ባስገቡት ሽልማት ከ1777 እስከ 1784 በተከታታይ አንደኛ አባት ነበር። ኤክሊፕስ አንዴም አልቀናውም። እርግጥ ዛሬ የአብዛኛው የሩጫ ፈረስ የአባት ሐረግ የሚደርሰው ኤክሊፕስ ጋ ነው። እኔ ግን ለሄሮድ አደላለሁ። የኤክሊፕስ ዘር የደመቀው ከሄሮድ ሴት ልጆች ጋር ሲዳቀል ነዋ!