ታይዋን ተራ የገዛሁት ቤልት ግራይንደር፦ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ሰሞኑን ሁለት ልጆች ደውለው «ያ የገዛኸው ማሽን እንዴት ነው? እኛም ልንወስድ ነው» አሉኝ። ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳ እዚህ ልጻፈው ብዬ ነው። ቢላ የምትሠሩ፣ ልትጀምሩ ያሰባችሁ፣ ሥጋ ቤት ኖሯችሁ ቢላችሁን ራሳችሁ መሳል የምትፈልጉ አንብቡት። 46 ሺህ ብር የከፈልኩበት ትምህርት ነው፤ ለእናንተ በነጻ።

እኔ ሐረር ነኝ። ከመኪና ባሌስትራ ቢላ እሠራለሁ። ባሌስትራ ጥሩ ብረት ነው፤ ግሎ ዘይት ውስጥ ሲነከር ይጠነክራል። ችግሩ መሞረዱ ነው። አንዱን ቢላ በሞረድና በእጅ ግራይንደር ስሞርድ ሁለት ቀን ይሄዳል። የእጅ ግራይንደር ደግሞ ፊቱን እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ያወዛውዘዋል። ቤልት ግራይንደር ያለው ሰው ያንኑ ሥራ በአንድ ጠዋት ይጨርሳል። ማሽኑ ሲታይ ቀላል ነው፤ ሞተር፣ ሁለት ሦስት ፑሌጃ፣ በእነሱ ላይ የሚዞር የብርጭቆ ወረቀት ቤልት። ቀላል ስለመሰለኝ ነው የተበላሁት።

ድሬዳዋ፣ ታይዋን በሚባለው ገበያ አካባቢ አንድ ሱቅ ውስጥ ቆሞ አየሁት። ሰማያዊ ቀለም የተቀባ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ፊቱ ላይ የፍጥነት መቀነሻ ያለው። ነጋዴው ገና ሳልጠይቀው «ወላሂ ይሄ የቢላ ነው፤ 2 በ72 ኢንች፣ 2 የፈረስ ጉልበት፣ ኦሪጅናል» አለኝ። 2 በ72 ማለት ወርዱ 50 ሚሊሜትር፣ ዙሪያው 1,829 ሚሊሜትር የሆነ ቤልት የሚወስድ ማለት ነው። አሜሪካ ያሉ ቢላ ሠሪዎች በብዛት የሚጠቀሙበት ልክ ነው። ስሙን ሲጠራልኝ ሰውየው ዕቃውን ያውቃል አልኩ።

አበራው። ድምፁ ደስ ይላል። ቤልቱ ቀጥ ብሎ ዞረ። ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ አጠፋውና «አቦ አየህ?» አለ። አየሁ። ያላየሁት ግራ እጁን ነው። አውራ ጣቱ የላይኛው ፑሌጃ የተሰካበት ክንድ ላይ ተጭኖ ነበር። አሁን ዓይኔን ስጨፍን የሚታየኝ ያ አውራ ጣት ብቻ ነው።

ደረሰኝ ስጠይቀው «በደረሰኝ ከሆነ 15 በመቶ ቫት ይጨመራል» አለ። 6,900 ብር መሆኑ ነው። ለሞተር ዘይት ዋጋ እንኳ የምከራከር ሰው 6,900 ስሰማ ደረሰኙን ተውኩት። ማሽኑን ሚኒባስ አናት ላይ አስጭኜ ደንገጎን ወጣን። እንደ ሙሽራ እየዞርኩ አየው ነበር።

ማታ ሐረር ደርሼ ሶኬቱን ሰካሁ። ቤልቱ ሦስት ሰከንድ አልቆየም። ወደ ቀኝ ተንሸራቶ ወጣና ግድግዳ መታ። ጥፋቱ የኔ መሰለኝ። ማስተካከያ ብሎኑን ወደ ግራ ዞርኩት፤ በግራ ወጣ። ወደ ቀኝ መለስኩት፤ በቀኝ ወጣ። መሃል የሚባል ነገር የለውም። ደወልኩ። «አዲስ ነው፣ ይላመዳል» አለ። ማሽን እንደ በግ ይላመዳል? በሦስተኛው ቀን ደወልኩ። «ባለሙያ እልካለሁ።» በሳምንቱ ደወልኩ። «ልጁ ጅጅጋ ሄዷል።» እንዲህ እያልን ሦስት ሳምንት ሆነን።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በገዛ በ15 ቀን ውስጥ ዕቃውን መልሶ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይላል። ነጋዴው ይህን ያውቅ ይሆን? እኔ እንጃ፤ ብቻ ቀጠሮው በ15 ቀን ልክ የተሰፋ ነበር። እኔ ደግሞ ደረሰኝ የለኝም። በኋላ ሱቁ ስሄድ «ከኔ መግዛትህን በምን ታረጋግጣለህ?» አለኝ። እየሳቀ ነው ያለው።

ቤልቱን ለጊዜው በጣቴ እየገፋሁ (እንደሱ!) መሥራት ጀመርኩ። በሃያ ደቂቃው ቤልቱ መጋጠሚያው ላይ ተበጠሰና ክንዴን እንደ አለንጋ ገረፈኝ። አንስቼ ሳየው የፋብሪካ ቤልት አይደለም። ከጥቅል ተቆርጦ በማስቲሽ የተለጠፈ ነው። ሲሠራ «ጧ ጧ» የሚለው ለዚህ ነበር። ወፍራሙ መጋጠሚያ በሰከንድ ስምንት ጊዜ ያህል ብረቱን ይመታል። ሙቀት ሲበዛበት ማስቲሹ ይለሰልሳል፤ ከዚያ ይለቃል። በድሬ ሙቀትማ ቁሞም ይለቃል።

ዘመድ ከዱባይ ሲመጣ አሥር ትክክለኛ የ72 ኢንች ቤልት አስመጣሁ። ስገጥመው ረገበ። ክንዱን እስከ መጨረሻው ወደ ላይ አስወጣሁት፤ አሁንም ረገበ። በክር ዙሪያውን ለካሁ፤ 1,790 ሚሊሜትር። ማሽኑ ከስሙ ወደ 4 ሳንቲሜትር ያጥራል። ስለዚህ ራሱ ከሚለጥፈው ቤልት ሌላ የሚሆነው የለም፤ እሱን ደግሞ የሚሸጠው ያው ነጋዴ ነው። ድሬም ሐረርም ዞሬ በሱቅ ያገኘሁት የአናጢ የእጅ ማሽን ቤልት ነው፤ 75 በ533። ለዚህ ማሽን አይሆንም።

ሞተሩን ላስከትል። ቢላውን ትንሽ ጠበቅ አድርጌ ስጫነው ይቆማል። አንድ ኤሌክትሪሺያን ጓደኛዬ ሞተሩ ላይ የተለጠፈችውን ሰሌዳ አንብብ አለኝ። 2 የፈረስ ጉልበት፣ 220 ቮልት፣ 4.1 አምፔር ይላል። ሰሌዳዋ ራሷ ትዋሻለች። አንድ የፈረስ ጉልበት 746 ዋት ነው፤ ሁለቱ 1,492። 220ን በ4.1 ስታባዙት 902 ይመጣል። ሞተሩ ከመስመር የሚወስደው ከዚህ አያልፍም፤ ከዚያም ላይ በሙቀት የሚባክን አለ። ከሚበላው በላይ የሚሠራ ሞተር እስካሁን አልተፈጠረም። እውነተኛ የ2 ፈረስ ጉልበት ሞተር በቤት መስመር 9 እና 10 አምፔር ይወስዳል። ሞባይላችሁ ላይ ካልኩሌተር አለ፤ ሱቁ ውስጥ አውጡት፣ አትፈሩ።

የፍጥነት መቀነሻው ይብሳል። ስከፍተው የጣሪያ ቬንትሌተር ማዞሪያ ነው። ድሬ በየቤቱ ግድግዳ ላይ ያለችው፣ ከአንድ እስከ አምስት የምትቆጥረው። ቬንትሌተር በሷ ይቀንሳል። ይህ ዓይነቱ ሞተር ግን ፍጥነቱ የሚያዘው በመስመሩ ሄርዝ (መብራቱ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ) ነው። ቮልቱን ስትቀንሱበት ጉልበቱ ይወድቃል፣ ይግላል፣ ይሸታል፤ ፍጥነቱ እምብዛም አይቀንስም። ፍጥነት በደንብ መቆጣጠር የፈለገ ሦስት ፌዝ ሞተር ከፍሪኩዌንሲ መቀየሪያ ጋር ይገዛል። ውድ ነው። ካልሆነ የሞተሩን ፑሌጃ መቀየር ነው።

መጨረሻ ላይ ማሽኑን ተሸክሜ ድሬ ተመለስኩ፤ ወደ ሻጩ ሳይሆን ወደ አንድ የምድር ባቡር ጡረተኛ ቶርኖ ሠራተኛ (ቶርኖ ብረት እያዞረ የሚቀርጸው ማሽን ነው)። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ከገባ ጀምሮ ይህች ከተማ ብረት የሚያውቅ ሰው አጥታ አታውቅም። ጋሼ ማሽኑን አላበሩትም። ከኪሳቸው ክር አወጡና በፑሌጃዎቹ ፊት ወጠሩት። ክሩ የታችኛውን ሙሉ ነካ፤ የላይኛውን ግን በአንድ ጠርዝ ብቻ። «አየህ ልጄ» አሉኝ፣ «ይሄኛው ወደ ሳቢያን ያያል፣ ያኛው ወደ ከዚራ። ቤልቱ የቱን ይስማ?» (ሁለቱም የድሬ ሰፈሮች ናቸው።) ቀጥለው ክንዱን በሁለት ጣት ይዘው ነቀነቁት። ብሎኑ 10፣ ቀዳዳው 12 ሚሊሜትር ነው። ተንቀጠቀጠ። የዚያ አውራ ጣት ምሥጢር ይኸው። ቀጥሎ እስክሪብቶ ፑሌጃው አጠገብ ይዘው በእጅ አዞሩት። እስክሪብቶው አንዱን ጎን ነካ፣ ሌላውን ሳተ፤ ክብ አይደለም ማለት ነው።

ዋናውን ነገር የተማርኩት ያን ቀን ነው። ቤልት የሚሄደው ወደ ሰፊው ዲያሜትር ነው። ለዚህ ነው የላይኛው ፑሌጃ መሃሉ ትንሽ ሆድ ሊኖረው የሚገባ። ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ ይበቃል፤ ቤልቱ ራሱ እየወጣ ሆዱ ላይ ይቀመጣል። የኔው ጠፍጣፋ ነበር። ጠፍጣፋ ላይ ቤልት ቤት የለውም፤ ብሎን ቢዞር ባይዞር ይቅበዘበዛል።

ጋሼ የላይኛውን ፑሌጃ ቶርኖ ላይ ክብ አድርገው ሆድ አወጡለት፤ ቀዳዳውንም በልኩ አደረጉት። ለሞተሩ ደግሞ በ100 ሚሊሜትሩ ፈንታ 150 የሆነ ፑሌጃ ከአሉሚኒየም አወጡ። አንድ አሮጌ ግን እውነተኛ የ1.5 ኪሎዋት ሞተር ገዛሁ፤ በደቂቃ 1,400 ይዞራል። ከ150ው ፑሌጃ ጋር ቤልቱ በሰከንድ 11 ሜትር ይሮጣል። የድሮው 2,800 እየዞረ 14.7 ነበር። ቀነሰ፤ ለኔ ግን ተሻለኝ። የጠነከረ ቢላ ላይ ፍጥነት ሲበዛ ጫፉ ሰማያዊ ይሆናል። ሰማያዊ ካያችሁ ሙቀቱ 300 ዲግሪ ገደማ ደርሷል፣ ስለቱም ለስልሷል። ደግሞም ፑሌጃው ሲሰፋ ቤልቱ የሚሄድበት ዙሪያ 8 ሳንቲሜትር ያህል ጨመረ፤ የዱባዮቹ ቤልቶች ልክ ሆኑ። ይህን ጋሼ አስቀድመው አስበውበት ነበር፤ እኔ በኋላ ነው የገባኝ።

አሁን እንዲህ አድርጌ ነው የማስተካክለው። ሶኬቱን ነቅዬ ቤልቱን እገጥማለሁ፤ ከጀርባው ያለው ቀስት ወደሚዞርበት አቅጣጫ። ስወጥረው በአውራ ጣት ሲጫኑት ትንሽ ብቻ መስጠት አለበት። በእጄ ደጋግሜ አዞረዋለሁ። ወደ ጎን ከሄደ ብሎኑን ሩብ ዙር ብቻ፣ እንደገና በእጅ። መሃል ሲቆም ሶኬቱን ሰክቼ አብርቼ ወዲያው አጠፋለሁ። ከቤልቱ ፊት ሳልሆን ከጎን ቆሜ። ከጀርባ ያለው መደገፊያ ብረት ከሁለቱ ፑሌጃዎች መስመር 2 ሚሊሜትር ያህል ወደ ፊት ይውጣ፤ አለዚያ ቤልቱ አየር ላይ ይንሳፈፋል፣ ቢላውም ክብ ይሆናል። መደገፊያው ራሱ ቀጥ ማለቱን በብረት ማስመሪያ እዩ። የእጅ ማሳረፊያው ደግሞ ቤልቱን ሊነካ ትንሽ ሲቀረው ይቁም። ሰፊ ክፍተት ካለ ቢላውን ስቦ ያስገባዋል፣ ጣትም ይከተላል።

መነጽርና የአፍ መሸፈኛ አትርሱ። ሽርጥ ታጥቃችሁ ደግሞ አትሥሩ። እቤት ነኝ ብላችሁ ነው የምትታጠቁት፣ አውቃለሁ። ቤልቱ ግን እቤት መሆናችሁን አያውቅም።

ልትገዙ ከሄዳችሁ ክርና ማስመሪያ ይዛችሁ ሂዱ። ነጋዴው አብርቶ አጥፍቶ ያሳያችሁ፤ ከዚያ እጁን ኪሱ ከቶ ያብራው። አምስት ደቂቃ ይዙር። ቁራጭ ባሌስትራ ይዛችሁ ጫኑበት፤ ባዶውን ሁሉም ማሽን ይዞራል። ክንዱን ነቅንቁ። ዙሪያውን ለኩና ያ ቤልት ከሌላ ሱቅ ይገኝ እንደሆነ መጀመሪያ ጠይቁ፤ የማይገኝ ከሆነ ማሽኑን አትንኩት። የሰሌዳውን አምፔር አባዙ። ደረሰኝ ውሰዱ፣ 15 በመቶውን ክፈሉ። እኔ 6,900 አዳንኩ ብዬ 20,500 ለጥገና አወጣሁ፤ 14 ሺህ ለሞተሩ፣ 6,500 ለቶርኖው። 66,500 ብር ገባበት። ከመጀመሪያው በዚህ ገንዘብ ጋሼን በያጅ ይዘው አዲስ እንዲሠሩልኝ ብጠይቃቸው ቀለሙንም እመርጥ ነበር።

የሱቁን ስም አልጽፍም። ያለ ደረሰኝ ተከራክሬ የት ልደርስ ነው። ግን ባለፈው ቅዳሜ ታይዋን ሳልፍ ያው ዓይነት ማሽን ያው ቦታ ቆሞ አየሁት። ክንዱም፣ የቬንትሌተር ማዞሪያውም ያው። አሁን ቀይ ተቀብቷል።