ከክሎጀር ወደ ጃቫ መሻገር ቀላል ነው፣ መመለሱ ግን ያስቸግራል

ክሎጀር ሪች ሂኪ እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ ያደረገው፣ በጃቫ ቨርቹዋል ማሽን (የጃቫ ፕሮግራሞችን በሚያሠራው ሶፍትዌር) ላይ የሚሠራ ፋንክሽናል፣ ማለትም ሥራን በፋንክሽኖች የሚገነባ፣ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ነው። የቋንቋውን ጠቅላላ ጠባይ ለሌላ ጊዜ ትቼ እዚህ የምገመግመው አንድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ በእጁ ብዙ የጃቫ ኮድ ያለው ሰው ክሎጀርን ቢያስገባ ሁለቱ ምን ያህል ይግባባሉ?

ከክሎጀር ተነሥቶ ጃቫን መጥራት እጅግ ቀላል ነው። የክሎጀር ስትሪንግ ራሱ የጃቫ ስትሪንግ ስለሆነ በመካከል መቀያየር አያስፈልግም፤ ሜተድ (የአንድ ኦብጀክት ተግባር) ለመጥራት ከስሙ በፊት ነጥብ ማስቀደም፣ አዲስ ኦብጀክት (መረጃንና ተግባሮቹን አንድ ላይ የያዘ ነገር) ለመፍጠር ደግሞ ከክላሱ ስም በኋላ ነጥብ ማስከተል ይበቃል።

ለእኛ የሚቀርበው ምሳሌ የዘመን አቆጣጠራችን ነው። ከጃቫ ጋር የሚመጣው የቀን ላይብረሪ የታይላንድንና የጃፓንን አቆጣጠር ሲያካትት የኢትዮጵያን ስላላካተተ፣ ብዙውን ጊዜ የሚቀረው ምርጫ ጆዳ ታይም ወይም አይሲዩ የተባለ ሌላ የጃቫ ላይብረሪ ነው። በጆዳ ታይም ጳጉሜን 5 ቀን 2017 ዓ.ም. የሚል ቀን ፈጥሮ አንድ ቀን መጨመር ከክሎጀር ሁለት አጫጭር መስመሮች ብቻ የሚፈልግ ሲሆን፣ መስከረም 1 ቀን 2018ን የያዘ አዲስ ኦብጀክት ይመለሳል፤ የፊተኛውም እንዳለ ይቆያል። ይህ አሠራር እሴት አንዴ ከተፈጠረ አይለወጥም ከሚለው የክሎጀር መርሕ ጋር ፍጹም ይስማማል።

የአይሲዩ የኢትዮጵያ ካላንደር ግን ተለዋዋጭ ኦብጀክት ነው። የአንድን ውል ማብቂያ ቀን በዚህ ካላንደር ይዘን በክሎጀር ማፕ (እሴቶችን በስማቸው በሚይዝ መዝገብ) ውስጥ ብናስቀምጠውና አንድ ፋንክሽን ለራሱ ስሌት አንድ ቀን ቢጨምርበት፣ ያንኑ ማፕ የያዙ ሌሎች ፋንክሽኖች ሁሉ ውሉ አንድ ቀን ተራዝሞ ያገኙታል። ማፑ አልተለወጠም፣ የተለወጠው በውስጡ ያለው ነገር ነው፤ ክሎጀርም ምንም ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። (ወሮቹ ከዜሮ መቆጠራቸው፣ ማለትም መስከረም 0 መሆኑ፣ ሌላው ራስ ምታት ነው።) ስለዚህ እንዲህ ያለ ኦብጀክት ከጃቫ እንደመጣ ዓመቱን፣ ወሩንና ቀኑን በቁጥር አውጥቶ ካላንደሩን እዚያው መተው ይሻላል።

ስለ ፍጥነት አንድ ነገር ልጨምር። ኮዱን የሚተረጉመው ኮምፓይለር የኦብጀክቱን ዓይነት ካላወቀ ሜተዱን ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ በሪፍሌክሽን ይፈልገዋል፤ ብዙ ጊዜ በሚደጋገም ሉፕ ውስጥ ይህ ክፉኛ ያዘገያል። የሪፍሌክሽን ማስጠንቀቂያውን ከመጀመሪያው ቀን ማብራትና በተጠቆመው ቦታ ዓይነቱን መጻፍ ያስፈልጋል። ማስጠንቀቂያው ሳይነካ ጠፍቶ መምጣቱ ለእኔ የተሳሳተ ውሳኔ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የክሎጀር ስሪት 1.12 የቆየ ቅሬታ አቃሎልናል። ቀደም ሲል የክሎጀርን ፋንክሽን ለጃቫ ስትሪም (በተከታታይ ለሚያልፍ መረጃ) ማጣሪያ ለመስጠት የሚፈለገውን ኢንተርፌስ (አንድ ኦብጀክት ሊኖሩት የሚገቡ ሜተዶች ዝርዝር) በእጅ መተግበር ግድ ነበር፤ አሁን ፋንክሽኑን እንዳለ ማቀበል ይቻላል።

ከጃቫ ወደ ክሎጀር ሲኬድ ግን ነገሩ ይከብዳል። ክሎጀርን ለመጥራት የተዘጋጀው መንገድ ፋንክሽኑን በስሙ ፈልጎ መጥራት ሲሆን፣ የሚቀበለውም የሚመልሰውም ጠቅላላውን የኦብጀክት ዓይነት ስለሆነ የጃቫ ኮምፓይለር የሚያጣራው ነገር የለም። በስሙ ላይ አንዲት ፊደል ብትሳሳት የሚታወቀው ፕሮግራሙ ሲሠራ ነው። የክሎጀር ቬክተር (በተራ የተደረደሩ እሴቶች) የጃቫን ሊስት ኢንተርፌስ ስለሚያሟላ የጃቫው ኮድ ያለ ጥያቄ ይቀበለዋል፤ ሊጨምርበት ሲሞክር ግን ተግባሩ አይደገፍም የሚል ኤክሴፕሽን ይወረውርበታል። ስህተቱ የሚታየው ቬክተሩ ከተፈጠረበት ቦታ ርቆ በመሆኑ ምክንያቱን ማግኘት ጊዜ ይወስዳል።

በተግባር የሚያዋጣው ኢንተርፌሱን በጃቫ ጽፎ በክሎጀር በሪፋይ፣ ማለትም ኢንተርፌስን በቦታው በሚተገብረው ትእዛዝ፣ መተግበር ነው፤ እንዲህ ሲሆን የጃቫ ፕሮግራመሮች የሚያዩት የለመዱትን ዓይነት ብቻ ነው። ዋናው ሥራ በክሎጀር ሆኖ የጃቫ ላይብረሪ ለሚጠራ ቡድን ክሎጀርን ያለ ማመንታት እመክረዋለሁ። ትልቅ የጃቫ ሥርዓት ይዞ ጥቂት ክሎጀር ጣል ሊያደርግበት ለሚያስብ ግን፣ ያን ኢንተርፌስ ጽፎ የሚጠብቅ ሰው ካልመደበ በቀር፣ አልመክረውም።